ገሰላውን ያላየው ሰው

ከጥድ አምባ ሰው ሁሉ ገሰላውን ያላየ የኔሰው ብቻ ነበር።

ጥድ አምባ ከዳባት ወደ ደባርቅ ከሚወስደው አስፋልት ተገንጥላ ወደ ገደሉ አፋፍ የወረደች መንደር ናት። ገሰላው መጀመሪያ ለማን እንደታየ ዛሬ በትክክል የሚናገር የለም። ከሊማሊሞ ጫካ ወጥቶ እንደመጣ ግን ሁሉም ይስማማል። ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፤ ቁመቱ ጊደር ያህላል፤ ጅራቱ መሬት ይጠርጋል፤ ዓይኑ እንደ አይሱዙ መብራት ይቦግጋል። የቀረው እንደ ተራኪው ይለያያል። የሚካኤሉ ቄስ መምሬ ቻላቸው ለኪዳን ሲሄዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ላይ ተጋድሞ አይተውት፣ በመስቀላቸው ቢያማትቡበት እያጉረመረመ ወርዶ ሄዷል። ደርቤ የተባለው የመንደሩ ጎበዝ ደግሞ ታግሎታል። ለዚህም ምስክር ትከሻው ላይ ያለውን ጠባሳ ገልጦ ያሳያል። ጠባሳውን በልጅነቱ ከአህያ ወድቆ ነው ያመጣው የሚሉ እኩዮቹ አሉ፤ የሚሉት ግን ደርቤ በሌለበት ነው። ከጎንደር ተመድቦ የመጣው መምህር ቃለ አብ በስልኩ ቀርጾታል። ቪዲዮው ላይ በደንብ የሚታየው ቁጥቋጦ ነው፤ ከቁጥቋጦው ጀርባ ጠቆር ያለ ነገር አለ፤ ቲክቶክ ላይ ለቆት ጉድ የተባለለት እሱ ነው። የየኔሰው አማት እሜቴ እሌኒ እንኳ፣ ዶሮና ድመት መለየት ካቆሙ የቆዩት ሴትዮ፣ ሁለት ጊዜ አይተውታል።

የኔሰውን በጣም የከነከነው ግን የገዛ ሚስቱ ይመኙሻል ማየቷ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ከምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቃት። እሷ ስታወራው ያምራል። እንዴት እንደቆመች፣ እንዴት ዓይን ለዓይን እንደተያዩ፣ ጀሪካኑን ከጀርባዋ ሳትጥል እንዴት ወደ ኋላዋ እየረገጠች እንደራቀች ስትናገር፣ መቶ ጊዜ የሰሙት ሴቶች ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ለቅሶ ቤት ሲመሽ፣ ወሬ ሲያልቅ፣ “እስኪ ይመኙሻል ያንን ንገሪን” የሚል አይጠፋም። የኔሰውም ከጎኗ ተቀምጦ ይሰማል።

ነገሩ የሚገርመው በመንደሩ እንደ እሱ የሚዞር ሰው አለመኖሩ ነው። የኔሰው የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ከጉብታ ጉብታ እየዘለቀ ጥሩንባውን ይነፋል፤ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራል፤ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ፎጣ የሚጠመጥም ሰው ነው። ድምፁ ወንዝ ይሻገራል። ገሰላው ወጣበት፣ ገባበት፣ ተኛበት የተባለውን ቦታ ሁሉ ብቻውን፣ በዚያ ሰዓት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ረግጦታል። ያጋጠመው ግን ጅብና ቀበሮ፣ አንዴም ሰክሮ መንገድ የጠፋው የገዛ አጎቱ ነው።

እንደ ሌላው ሰው አንድ ነገር ፈጥሮ ማውራት አይችልም ነበር ወይ የሚል ይኖራል። አይችልም። ምክንያቱም አያ ገዱ ናቸው።

የኔሰው ጥሩንባውን በተረከበ ሰሞን አንድ መንገደኛ ከወንዝ ማዶ ጮሆ አያ ገዱ አርፈዋል አለው። አያ ገዱ ታመው ከርመው ስለነበር ማጣራት አላስፈለገውም። ጉብታውን ሁሉ ዞሮ አወጀ። አያ ገዱ ደግሞ በዚያን ዕለት ማለዳ ተሽሏቸው፣ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ቆሎ እየቆረጠሙ ነበር። ጥሩንባውን ሰምተው ማን ሞተ ብለው ጠየቁ። ስማቸው ተጠራ፤ የአባታቸው ስም ተጠራ። ሞክሼ መሆን አለበት ብለው ጥቂት ካሰቡ በኋላ ጋቢያቸውን ጣል አድርገው ወጡ። ለቀስተኛው ደረቱን እየመታ ሲመጣ በራቸው ላይ ቆመው የተቀበሉት ራሳቸው ናቸው። አንዲት አክስታቸው ሙሾዋን ከጀመረች ወዲያ ማቆም አቅቷት፣ ፊት ለፊታቸው ቆማ እስከ መጨረሻው አወረደችው ይባላል። አያ ገዱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። የኔሰውን ባገኙት ቁጥር መንገዱን ዘግተው፣ “እስኪ ተመልከተኝ፤ ዛሬስ አለሁ?” ይሉታል። የኔሰውም አንገቱን ደፍቶ፣ “አሉ፣ አያ ገዱ” ይላል።

ከዚያ ወዲህ የኔሰው በራሱ ዓይን ሳያይ ስለ ምንም ነገር አፉን አይከፍትም። ሰው ሞተ ሲሉት ሄዶ ገልጦ አይቶ ነው የሚነፋው። ይህ ጠባይ ለዕድሩ ጥሩ ሆነ፤ ለጨዋታ ግን አልተመቸም።

ሰንበቴ ላይ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ወሬው ገሰላው ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ ያየውን ይናገራል። ተራው የኔሰው ጋ ሲደርስ፣ “እኔ እንኳ አላየሁም” ይላል። ጨዋታው እንደ ጎማ ይተነፍሳል። መጀመሪያ ይስቁበት ነበር። እየቆየ ያዝኑለት ጀመር። መሀን ለሆነ ሰው የሚታዘነው ዓይነት ሐዘን ነው፤ ፊቱ ላይ አይናገሩትም፣ ልጆች ሲጠይቁት ግን ዝም በል እያሉ ይቆነጥጧቸዋል።

እሜቴ እሌኒ ነገሩ ከልክ አለፈ አሉ። አማቻቸው ላይ አንድ ነገር ቢኖር ነው እንጂ ይህን ያህል ሰው ያየውን አውሬ እንዴት አንድ ሰው ብቻ ያጣዋል? ጠበል ይሂድ ብለው ወጠሩ። የኔሰው አማቱን ያከብራልና ሄደ። መምሬ ቻላቸው ከጠበሉ ዳር ቆመው ተቀበሉት።

“ምንህን ነው የሚያምህ?” አሉት።

“አያመኝም፣ አባቴ። ገሰላው አልታይ ብሎኝ ነው።”

መምሬ ቻላቸው ብዙ ዘመን ሰው አጥምቀዋል፤ እንዲህ ያለ በሽታ ግን መጥቶላቸው አያውቅም። ጺማቸውን እያሻሹ ቆዩና ሌላ ሌላው ነገር ይታየው እንደሆነ ጠየቁት። ይታየኛል አለ። እሳቸውን ያያቸው እንደሆነ ጠየቁት። ደህና አድርጌ አይዎታለሁ አለ። እንግዲያስ ምን አመጣህ ሊሉት አሰቡ፤ እሜቴ እሌኒ ግን ከዛፉ ሥር ተቀምጠው እያዩአቸው ነው። ስለዚህ ጸሎታቸውን አድርሰው ያንን የኅዳር ውሃ ከአናቱ ለቀቁበት። የኔሰው ከዚያ ያገኘው ሳል ነው።

ጉዳዩን ፈር ያስያዘው ደርቤ ነው። ደርቤ አስቦ አስቦ ሲያበቃ፣ የኔሰው ገሰላውን የማያየው ገሰላው ስለሚሸሸው ነው አለ። ጥሩንባው የሞት ድምፅ ነው፤ አውሬ ደግሞ ሞትን ከሩቅ ያሸታል። የኔሰው ካለበት ገሰላው አይቀርብም። ይህን የሰሙ ሁሉ እውነትህን ነው አሉ። በተለይ ወደ ዳባት ገበያ የሚወርዱት ሴቶች ደስ አላቸው። ባጃጅ የሚገኘው አስፋልቱ ላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ገሰላው አለበት በሚባለው ሸለቆ ማለፍ ግድ ነው። ቅቤ ነጋዴዋ ፍቅርአዲስ ሴቶቹን ይዛ መጥታ በገበያ ቀን እንዲያደርሳቸው ለመነችው። እሺ አለ። ከፊት ከፊት እየሄደ ማድረስ ጀመረ። እንደተባለውም እሱ በመራቸው ቀን ገሰላውን ያየች አንዲት ሴት አልተገኘችም። እሱ በቀረበት ቀን ግን እንትና አየችው፣ እንትናን አባረራት ይባላል።

የኔሰው በዚህ ሹመት ይኩራ ወይ ይቀየም አላወቀም። ይመኙሻል ግን አወቀች። የደርቤ ሚስት ባሌ ገሰላ የታገለ ነው ስትል፣ እሷ ደግሞ የእኔን ገሰላው ራሱ ይሸሸዋል ማለት ጀመረች። ጋቢውን አጥባ አነጣችለት።

ነገሩ በዚሁ በሰላም ይቀጥል ነበር፤ የኔሰው ገሰላውን ባያየው።

ገብስ የሚታጨድበት ሰሞን ነው። የኔሰው ከማዶ ያረፉ አንዲት አሮጊት ዜና አሰምቶ ሲመለስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ውርጩ ግን ሳሩ ላይ እንደነጣ ነው። ከደርቤ ማሳ ዳር ሲደርስ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገባበት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አራገፈና ቀና ሲል አያት።

ጥቁር ናት፤ ይህኛው ልክ ነው። ሌላው የተባለው ግን የለም። ቁመቷ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። እግሯ ቀጭንና ረጅም፣ ራሷ ትንሽ፣ ጆሮዎቿ ደግሞ ለሌላ ትልቅ እንስሳ ተሠርተው በስህተት ለእሷ የተሰጡ ይመስላሉ። ጅራቷ እንኳን መሬት ሊጠርግ፣ ለራሷም አልበቃት። ከታጨደው ገብስ ቃርሚያ መሀል ቆማ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ምድሩን ታዳምጣለች። ድንገት አራት እግሯን ሰብስባ ወደ ላይ ተፈናጠረች፤ አየር ላይ ተጣጠፈች፤ የፊት እግሮቿን አስቀድማ ወረደች። አይጥ ይዛ ተነሳች። ዋጠችው። ደግሞ ጥቂት ራመድ ብላ አዳመጠች፣ ተፈናጠረች፣ ወረደች። አሁን ግን ያገኘችው አፈር ነው። ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ቁጭ ብላ ትከሻዋን ትልስ ጀመር፤ መጀመሪያውኑ የመጣችው ትከሻዋን ልትልስ እንደሆነ ሁሉ።

የኔሰው ሳቅ በአፍንጫው አመለጠው። እነዚያ ጆሮዎች ዞሩ፤ ቀጥሎ ዓይኖቿ። ተያዩ። የኔሰው ስንት የተከደነ ዓይን ሲያይ የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ወለል ብሎ የተከፈተ ዓይን ግን ከዚያ በፊት አላየም። መሸሽም መጮህም አላሰበም፤ ጥሩንባውን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ፣ አንድ እግሩ ባዶውን እንደሆነ ዝም ብሎ ቀረ። እሷ ስታበቃ ተነስታ፣ ሳትቸኩል፣ ወደ ሸለቆው ወረደች።

ቤቱ ሲደርስ ይመኙሻል ከደጅ ጎተራ እየመረገች ነበር፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው።

“አየሁ” አላት።

“ምኑን?”

“ገሰላውን።”

የያዘችው ጭቃ ከእጇ ወደቀ። ደስታዋ ፊቷ ላይ ታየ፤ ያን ያህል ዓመት የታዘነለት ባሏ ነው። ጊደር አያህልም እንዴ፣ አላልኩህም ነበር፣ እያለች እጇን ሳትታጠብ መጣች። የኔሰው መዳፉን ከጉልበቱ በላይ ዘርግቶ ልኩን አሳያት። ይመኙሻል መዳፉን አየች፤ ከመዳፉ እስከ መሬት ያለውን ክፍት ቦታም አየች።

“ተኝቶ ነው?” አለች።

“ቆማ ነው። ትንሽ ናት። እሱ ከምል እሷ ብል ይቀለኛል።”

“ምን ስታደርግ?”

“አይጥ ስትበላ።”

ይመኙሻል ተመልሳ ጭቃዋን አነሳች። ጥቂት ከመረገች በኋላ፣ ዞር ሳትል፣ ለማንም እንዳይናገር ነገረችው። እሱም ከጠየቁኝ ምን ልበል አላት። አንድ እፍኝ ጭቃ ጎተራው ላይ በኃይል ለጠፈች። በዚያ ቀን የተመረገው የጎተራው ወገን ዛሬም ጎርበጥ ያለ ነው።

በሰንበት ሰንበቴው ላይ ተጠየቀ። የኔሰውም እንደ ልማዱ ያየውን ሁሉ፣ ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ስታ ያመለጣትን አይጥ እንኳ አልተወም። ሲጨርስ ለአንድ አፍታ ጠላ የሚቀዳው ሰው እንኳ እጁን ገታ።

መጀመሪያ የተናገረው ደርቤ ነው። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ የተጎዳ ሰው ድምፅ ነበር።

“እንግዲህ እኔን የታገለኝ አይጥ በላተኛ ነው?”

የኔሰው ስለ ትግሉ የማውቀው የለም፣ እኔ አልነበርኩም አለ። ይህ አነጋገሩ ነገሩን አባሰው። እሜቴ እሌኒ እኔ ሁለት ጊዜ ያየሁት ድመት ነው ማለትህ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ የሁሉም ሰው ዓይን ወደ ጣሪያው ሄደ። መምህር ቃለ አብ አነር የምትባል እንስሳ እንዳለች፣ አንዳንዴም ጥቁር እንደምትሆን፣ ምናልባት እሷ ልትሆን እንደምትችል መናገር ጀመረ። ወዲያው ግን ቲክቶኩ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ምናልባትም አይደለችም ብሎ ጠላውን አነሳ። ፍቅርአዲስ ከሴቶቹ ወገን ሆና የጠየቀችው ሌላ ነው። የኔሰው ገሰላውን ካየው ገሰላው አይሸሸውም ማለት ነው። ታዲያ በገበያ ቀን ማን ያደርሰናል?

ይህኛው ጥያቄ ሁሉንም አሳሰበ። ዓይን ሁሉ ወደ መምሬ ቻላቸው ዞረ። መምሬ ቻላቸው የተጣላ ድንበርተኛ ሲያስታርቁ እንደሚያደርጉት ጭራቸውን ከግራ እጃቸው ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ እንዲህ ፈረዱ።

“የኔሰው ውሸት አያውቅም። አየሁ ካለ አይቷል። ደርቤም ታግሏል፤ ጠባሳው አለ። እኔም ቅጥሩ ላይ አይቼዋለሁ። ሦስታችንም እውነተኞች ከሆንን እንግዲህ የኔሰው ያየው ሌላ አውሬ ነው። ገሰላውን ገና አላየውም።”

ከጉባኤው ላይ ሸክም ሲወርድ ይሰማ ነበር። ደርቤ ተነስቶ የየኔሰውን ትከሻ መታ መታ አደረገ፤ አይዞህ ታየዋለህ አለው። እሜቴ እሌኒ መረቁት። ፍቅርአዲስ ቅዳሜ በማለዳ እንዳይረሳቸው አሳሰበችው። የኔሰው የሚለው ነበረው፤ ግን ፍርዱ ውስጥ ውሸታም አላሉትም፤ ያየውንም አልካዱበትም። ከየት ገብቶ እንደሚከራከር ጠፋው። ጠላውን ጠጥቶ ወጣ።

ቤት የጠበቀው ግን ሌላ ነው። ይመኙሻል ስታኮርፍ አትጮኽም፤ ዕቃ ቀስ ብላ ነው የምታስቀምጠው። በዚያ ሳምንት ሳህን እንኳ አልተሰማም። በመጨረሻ የኔሰው ምን በደልኩሽ አላት።

“እኔ ዋሸሁ ነው የምትለው?”

“እኔ የምለው ያየሁትን ብቻ ነው።”

“እሱ እኮ ነው ያናደደኝ” አለች።

ቅዳሜ ሴቶቹን አድርሶ ተመለሰ። አሁንም ምንም አላዩም፤ ፍቅርአዲስ ገና ሸለቆውን ሳይጨርሱ ታመሰግነው ነበር። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ይመኙሻል ባቄላ እየፈለፈለች ሳለ፣ ስለ ሌላ ነገር እንደምታወራ ሆና፣ የት ቦታ እንዳያት ጠየቀችው። “እሱን” አላለችም፤ “እሷን” ነው ያለችው። የኔሰው ይህ ሳያመልጠው ቦታውን ነገራት።

በበነጋው ማለዳ አብረው ሄዱ። ከድንጋዩ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጠው በብርድ ሲንቀጠቀጡ ቆዩና ምንም ሳያዩ ተመለሱ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ደርቤ በዚያ ሲያልፍ ባልና ሚስቱን በጠዋት የእሱን ማሳ ሲጠብቁ አግኝቶ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቀ። ይመኙሻል የኔሰው ወገቡን ስለሚያመው ፀሐይ እያሞቀችው እንደሆነ ነገረችው። የኔሰው ያላመመውን ወገቡን ያዘ። በሕይወቱ እንደዋሸ የሚቆጠረው ይህ ነው፤ እሱንም በአፉ አልተናገረውም።

ደርቤ ከሄደ በኋላ፣ ፀሐይዋ ማሳው ላይ ስትደርስ፣ ጆሮዎቹ ከቃርሚያው መሀል ብቅ አሉ። ይመኙሻል የባሏን ክንድ ጨመቀች። አነሯ እንደ ልማዷ አዳመጠች፣ ተፈናጠረች፣ ወረደች። ሳተች። ግራ ቀኝ አይታ ትከሻዋን መላስ ስትጀምር ይመኙሻል ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይርገፈገፍ ነበር። አነሯን ሁለተኛው ዝላይ ቀናት። እሷ ሸለቆውን ወርዳ እስክትጠፋ ድረስ አልተነቃነቁም።

“እህስ?” አላት የኔሰው።

“ታምራለች” አለች ይመኙሻል። ነጠላዋን አስተካከለች። “ያኛው ግን ሌላ ነው። መምሬም ፈርደዋል።”

ከድንጋዩ ተነሱ። ሽቅብ መውጣት ጀመሩ። ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ስትደርስ ይመኙሻል ቆማ እስትንፋሷን ሰበሰበችና፣ ፊቷን ወደ ሸለቆው እንዳዞረች፣ “የዚያን ቀን የምንጩ መንገድ ላይ ጉም ነበር” አለች። ምን ቀን ብሎ አልጠየቃትም። እጁን ሰጥቷት አቀበቱን አወጣት።

ደርቤ በዚያ ዓመት ከዚያ ማሳ ያፈሰው ገብስ ከወትሮው በለጠ። አይጥ ያልነካው በተሻሻለው ዘር ምክንያት ነው ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ፤ ባልና ሚስቱም ጥሩ ዘር ነው ብለው መሰከሩለት።

ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው። ከአነሯ በተመለሱ በማግስቱ የሞተ ሰው አልነበረም፤ የገበያም ቀን አይደለም። የኔሰው ትንሽ ሊተኛ አስቦ ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ ይመኙሻል ከበሩ ሥር ተቀምጣ፣ ጋቢዋን ደርባ፣ የጫማዋን ክር እያሰረች አገኛት።

“ተነስ እንጂ፤ ፀሐይዋ ልትቀድመን ነው” አለችው።